ጠመንጃውን ከነጓዙ፦ የጥንት አንድ ጎራሽ የዒላማ ጠመንጃ እንዴት ይሰበሰባል?

አንድ ጎራሽ ጠመንጃ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሰናድርና ወጀግራ አንዲቷን ጥይት ተኩሰው፣ ቀለሁን አውጥተው፣ ሌላ የሚያጎርሷቸው መሣሪያዎች ነበሩ። ይህ መመሪያ ግን የጦር ሜዳ ጠመንጃን አይመለከትም። የሚመለከተው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽና በ20ኛው መባቻ አሜሪካ ውስጥ ለዒላማ ውድድር ተብለው የተሠሩትን፣ ዛሬ ቁጥራቸው እየተመናመነ የመጣውን አንድ ጎራሾች ነው። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ የኢትዮጵያ አዋጆች ቁጥር ብቻ እንደ ወጣበት ይቀመጣል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላስጨብጥ፤ ከዚህ በታች የሚመጣው ሁሉ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። የዒላማ ጠመንጃ ብቻውን የሚቆም ዕቃ አይደለም። ከጥይት ማፍሰሻው፣ ከማነጣጠሪያው፣ ከመጎረሻ መሣሪያውና ከሳጥኑ ጋር ተሠርቶ፣ ከእነሱ ጋር ተወዳድሮ ያረጀ ነው። ጀማሪ ሰብሳቢ ጠመንጃውን ያያል፤ የበሰለ ሰብሳቢ ጓዙን ይጠይቃል።

1. የትኛውን ውድድር እንደሚከተሉ ይወስኑ

የዒላማ ጠመንጃ ሲባል ሁለት የተለያዩ ዓለሞች አሉ። አንደኛው የሩቅ ርቀት ተኩስ ነው። በ1873 ኒውዮርክ አጠገብ፣ ሎንግ አይላንድ ላይ ክሪድሙር የሚባል የተኩስ ሜዳ ተከፈተ። በሴፕቴምበር 26 ቀን 1874 የአሜሪካና የአየርላንድ ቡድኖች እዚያው ተገናኝተው በ800፣ በ900 እና በ1,000 ያርድ ተወዳደሩ። አየርላንዳውያኑ በአፈሙዝ በኩል የሚጎርሱ የሪግቢ ጠመንጃዎችን ያዙ፤ አሜሪካውያኑ ደግሞ ከኋላ የሚጎርሱ ሬሚንግተንና ሻርፕስ። ከአየርላንድ ቡድን አንዱ ተኳሽ በስህተት የሌላ ሰው ዒላማ መትቶ ነጥብ አጣ። ውጤቱ 934 ለ931 ሆኖ አሜሪካ አሸነፈች፤ የመጨረሻውን ጥይት የተኮሰው ጆን ቦዲን ነበር። የክሪድሙር ጠመንጃዎች ዛሬ የሚፈለጉበት ምክንያት ይህ ነው፦ ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ በሩቅ ርቀት ከአሮጌው ስልት እንደማያንስ ሕዝብ እያየ ያረጋገጡ ናቸው።

ሁለተኛው ዓለም የሹትዘን ተኩስ ነው። ከጀርመንና ከስዊዘርላንድ የሄዱ ስደተኞች የአገራቸውን የተኩስ ማኅበር ልማድ ይዘው ወደ ኒውዮርክ፣ ሚልዋኪ፣ ሲንሲናቲና ሳን ፍራንሲስኮ ገቡ። ተኳሹ ያለ ምንም መደገፊያ ቆሞ በ200 ያርድ (183 ሜትር ገደማ) ያነጣጥራል። ቀኑን ሙሉ ሙዚቃ፣ ምግብና ቢራ አለ፤ ከአላሚዎቹ የበለጠው የማኅበሩ ንጉሥ ተብሎ ይሸለማል። የሹትዘን ጠመንጃ ከባድ ነው፤ ከ5 እስከ 7 ኪሎ የሚመዝን ብዙ አለ። ሰደፉ ትከሻን አቅፎ በሁለት ቀንድ የሚይዝ ብረት አለው፤ ከአፈሙዙ ሥር በግራ መዳፍ የሚያዝ ድጋፍ ይንጠለጠላል። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ለጀርመን ነገር ሁሉ ጥላቻ ተነሣ፤ ማኅበራቱም ተበተኑ። ጠመንጃዎቹ ወደ ጓዳና ወደ ጣሪያ ሥር የገቡት ያን ጊዜ ነው።

ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ለመሰብሰብ አይነሱ። የክሪድሙር ጠመንጃ ዕውቀት የረጅም ማነጣጠሪያና የትልልቅ ቀለሆች ዕውቀት ነው። የሹትዘን ደግሞ የአፈሙዝ ሠሪዎችና የመጎረሻ መሣሪያዎች ዕውቀት ነው። እኔ ለጀማሪ የምመክረው ሹትዘንን ነው፤ ምክንያቱም ከሩቅ ርቀቱ ይልቅ በብዛት ይገኛል፣ በዋጋም ከርካሹ እስከ ውዱ ሰፊ መሰላል አለው።

2. ሠሪዎቹን ይወቁ

ባላርድ፦ ቻርልስ ባላርድ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1861 ነው፤ በዒላማ ተኳሾች ዘንድ የተወደደው ግን ጆን ማርሊን በኒው ሄቨን፣ ኮነቲከት ከ1875 እስከ 1891 ገደማ የሠራው ነው። ጀማሪ የሚሳሳትበት ቦታ እዚህ አለ። በአካሉ ላይ «1861» የሚል ቀን ያያልና ጠመንጃው የዚያ ዘመን ይመስለዋል። ያ የፈጠራ መብቱ ቀን ነው። ዘመኑን ለመለየት የሠሪውን ስም ያንብቡ፤ «ጄ. ኤም. ማርሊን» ካለ ከ1881 በፊት፣ «ማርሊን ፋየር አርምስ ኩባንያ» ካለ ከዚያ በኋላ ነው። ለዒላማ የተሠሩት በቁጥር ይታወቃሉ፦ ቁጥር 6 ለሹትዘን፣ 6½ ቆሞ ለመተኮስ፣ 4½ ለመካከለኛ ርቀት፣ 7 ለሩቅ።

ዊንቸስተር 1885፦ የፈጠራው ባለቤት ጆን ሞሰስ ብራውኒንግ ነው፤ ከወንድሞቹ ጋር በኦግደን፣ ዩታ ጥቂት መቶዎችን ሠርቶ ነበር። ዊንቸስተር በ1883 መብቱን ገዝቶ በ1885 ለገበያ አወጣው። መዝጊያውን በጎን የሚሸፍነው ግድግዳ ከፍ ያለው ለኃይለኛ ጥይት፣ ዝቅ ያለው ለቀላል ጥይት ነው። እስከ 1920 አካባቢ ወደ 140 ሺህ ተሠርቷል፤ ስለዚህ ራሱ ዊንቸስተር 1885 ብርቅ አይደለም። ብርቁ ሹትዘን ሆኖ ከፋብሪካ የወጣውና እስከ ዛሬ ሳይነካ የቆየው ነው። ብራውኒንግ ወንድማማቾች የሚል ጽሑፍ ያለበት የኦግደን ሥራ ካጋጠመዎት ደግሞ ዓይንዎን አያንሱ፤ ከፋብሪካው ሥራ በፊት የመጣ ነው።

ስቲቨንስ፦ በቺኮፒ ፎልስ፣ ማሳቹሴትስ የተሠራ። ቁጥር 44 የሚባለው አካል ደካማ ነው፤ በ1903 የመጣው 44½ እጅግ የጠነከረ ነው። «አይዲያል» በሚል ስም ከወጡት ውስጥ ቁጥር 49፣ 51፣ 52 እና 54 ለዒላማ ተኳሽ የተዘጋጁ ናቸው።

ሬሚንግተን-ሄፕበርን፦ ሉዊስ ሄፕበርን በ1874ቱ የአሜሪካ ቡድን ውስጥ ራሱ የተኮሰ ሰው ነው። የተኳሽን ችግር ያውቅ ስለነበር የሠራው ጠመንጃ በእጅ ሲይዙት ይታወቃል።

ሻርፕስ-ቦርቻርት 1878 ከውጭ መቺ የሌለው፣ በኋላ በሽጉጥ ሥራው የታወቀው ሁጎ ቦርቻርት የነደፈው ነው። ሜይናርድ ደግሞ የጥርስ ሐኪም የፈጠረው፣ በአንድ አካል ላይ ብዙ አፈሙዝ የሚቀያየርበት ነው። የሜይናርድን ሳጥን ከነአፈሙዞቹ ማግኘት ለትዕግሥተኛ ሰብሳቢ ጥሩ ዕድል ነው።

3. ሕጉን መጀመሪያ፣ ገንዘቡን በኋላ

በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ይቆጠራል፤ ለዘመናዊ ጦር መሣሪያ የተደነገገው አብዛኛው ሥርዓት አይመለከተውም። የሚቆጠረው የዋናው አካል የሥራ ዘመን ነው እንጂ የአፈሙዙ አይደለም። ስቲቨንስ 44½ ከ1903 ጀምሮ ስለተሠራ መቼም በዚህ ውስጥ አይገባም። ዊንቸስተር 1885 ግን በመለያ ቁጥሩ ይወሰናል። ዕድሜው 50 ዓመት ያለፈ ጠመንጃ ለሰብሳቢዎች በተለየ ፈቃድ ሊገዛ ይችላል። ይህ ሁሉ ፌዴራል ነው፤ ግዛቶች የራሳቸው ሕግ አላቸው፣ አንዳንዱም ይጠብቃል። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ዘመናዊ ጠመንጃ መያዝ በፌዴራል ሕግ እንደተከለከለበትም ይወቁ። የመኖሪያ ፈቃድዎ ያልተጠናቀቀ ከሆነ ጠበቃ ሳያማክሩ አንድም ወረቀት አይፈርሙ። በብሪታንያ ጥንታዊ ተብሎ ነፃ የሚሆነው በአብዛኛው በቀለሁ ዓይነት ነው፤ ከአገልግሎት የወጡ ካሊበሮች ዝርዝር በሕግ ተቀምጧል።

በኢትዮጵያ ነገሩ ሌላ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝንም ማስገባትንም ይከለክላል፤ «አሮጌ ነው» የሚለው ቃል በር አይከፍትም። ከአያት የወረደ ሰናድር ወይም ወጀግራ ቤተሰብ ውስጥ ካለም ወደ ውጭ ይዤው ልውጣ አይበሉ፤ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። እሱን በአገሩ ማስመዝገብና መጠበቅ ራሱን የቻለ ትልቅ ሥራ ነው።

4. ሳይገዙ ያንብቡ፣ ሳይገዙ ይዳስሱ

የጄምስ ግራንት «ሲንግል ሾት ራይፍልስ» (1947) አሁንም የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። የኔድ ሮበርትስና የኬኔት ዋተርስ በ1967 የወጣው ሥራ ደግሞ ስለ ተኳሾቹና ስለ ውድድሩ የሚነግርዎት ነው። የአሜሪካ አንድ ጎራሽ ጠመንጃ ማኅበር በየጊዜው ስብሰባና ውድድር ያደርጋል፤ ጠመንጃዎቹን በእጅ ይዞ ለማየት ከሙዚየም መስታወት የተሻለ ቦታ ነው። ሽማግሌ አባላቱ ለሚጠይቃቸው ሰው ልባቸው ሰፊ ነው። ሲይዙ ግን ፈቃድ ይጠይቁ፤ መዝጊያውን ከፍተው ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ፤ መቺውን በባዶ አይልቀቁ፤ ብረቱን በባዶ እጅ አይደባብሱ። የላብ ጨው የ120 ዓመት ብረት ላይ ዝገት ይተክላል።

5. ምርመራ፦ ከውጭ ወደ ውስጥ

እዚህ ላይ ይቆዩ። ከአጠቃላይ መመሪያው ውስጥ ገንዘብዎን የሚያድን ክፍል ይህ ነው።

ከብሎኖቹ ይጀምሩ። የብሎን ራስ ቦይ የተበላ፣ የተቀደደ ወይም አዲስ ከሆነ ሰው ከፍቶታል ማለት ነው። የከፈተ ሰው ምን እንደቀየረ ቀጥሎ ይጠይቁ። ብሎኖቹ ሳይነኩ አርጅተው ከቀሩ በውስጡ ያለው የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ቀጥሎ ጠርዞቹ። ባለ ስምንት ጎን አፈሙዝ ከፋብሪካ ሲወጣ ጠርዙ እጅ ሊቆርጥ ይቃጣዋል። ጠርዙ የለዘበ፣ በብሎን ቀዳዳ ዙሪያ ብረቱ እንደ ሰሐን ጎድጎድ ያለ፣ የጽሑፉ ፊደላት በአንድ ወገን የሳሱ ከሆነ ጠመንጃው በመወልወያ ማሽን ተቦርሾ እንደገና ጠቁሯል። የአዲሱ ጥቁረት ውበት አያታልልዎ። ከጥቁረቱ በታች የዝገት ጉድጓዶች ካዩ፣ ዝገቱ ከጥቁረቱ ቀድሞ ነበር ማለት ነው፤ በመጀመሪያው ሥራ ላይ ሊሆን አይችልም። በከሰል ተቀብሮ በቀለማት የጠነከረ አካል ደግሞ ከመቶ ዓመት በኋላ ወደ ግራጫ ቢደበዝዝ ያምርበታል፤ ሰማያዊና ቡናማው ያላንዳች መጎዳት ሲያንጸባርቅ ይጠርጥሩ።

እንጨቱን ይዩ። ፋብሪካው ሰደፉን ሲገጥም እንጨቱ ከብረቱ ገጽ በትንሹ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ከብረቱ ዝቅ ብሎ ከገባ ተፍቋል። በእጅ የተቀረጸው ክርክም ጫፉ ሹል ሆኖ በአጠቃቀም ብቻ የለዘበ ይሁን እንጂ በአሸዋ ወረቀት የተላጠ መሆን የለበትም። በሹትዘን ሰደፍ ላይ ጉንጭ የሚያርፍበት ቦታ ከሌላው የተለየ ወዝ ካለው ደስ ይበልዎ፤ ያንን ወዝ የተወው ተኳሹ ነው።

ከዚያ ቀዳዳዎቹ። ከሰደፉ አንገት ላይ የሚቆመው ረጅም ማነጣጠሪያ የተተከለባቸው ቀዳዳዎች ቁጥራቸውና ቦታቸው ለየሠሪው ይታወቃል። ተጨማሪ ቀዳዳ ካለ ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። በውድድር ዘመኑ ውስጥ ለማልኮም ቴሌስኮፕ የተበሳ ቀዳዳ የጠመንጃው ታሪክ ነው፤ ዋጋውን ብዙ አይጎዳም፣ እንዲያውም ቴሌስኮፑ አብሮ ካለ ይጨምራል። ከ1940ዎቹ በኋላ ለዘመናዊ ቴሌስኮፕ የተበሳ ቀዳዳ ግን ጉዳት ነው። ልዩነቱን የሚነግርዎት በቀዳዳው ዙሪያ ያለው የብረት ዕድሜ ነው፤ ጠርዙ ነጭ ከሆነ ቅርብ ነው።

በዊንቸስተር ላይ ከእጅ መያዣው እንጨት ፊት፣ ከአፈሙዙ ሥር፣ ከ1 እስከ 5 ያለ ቁጥር ይፈልጉ፤ የአፈሙዙን ውፍረት የሚናገር ቁጥር ነው። የአፈሙዙ ጫፍ ከተቆረጠ የፊት ማነጣጠሪያው ወደ ጫፉ ይጠጋል፣ ጫፉ ላይ ያለው ሥራም ከፋብሪካው ጋር አይመሳሰልም። በ1930ዎቹና ከዚያ በኋላ ብዙ ከፍተኛ ግድግዳ ዊንቸስተሮች አፈሙዛቸው እየተጣለ ለአነስተኛና ፈጣን ጥይት ተቀይረዋል። እንዲህ ያለው ለተኩስ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ለሰብሳቢ ግን አካል ብቻ ነው።

አሁን ወደ ውስጥ። በብርሃን ከማጉረሻው በኩል ይመልከቱ። በአፈሙዙ ውስጥ የተቀረጹት ጥምዝ ቦዮች ጥርት ብለው መታየት አለባቸው። ጥቁር ባሩድና የዚያ ዘመን የጥይት መለኮሻ ጨው ስለሚተዉ ያልታጠበ አፈሙዝ ከውስጥ ይበላል። ጫፉ ላይ ቦዮቹ ከአንድ ወገን የተበሉ ከሆኑ በመወልወያ ዘንግ የተፋቀ ነው። ከዚያ ለስላሳ እርሳስ ቀስ ብለው በዘንግ አሳልፈው መጠኑን ይለኩ፤ የጎሬውን፣ ማለትም ቀለሁ የሚቀመጥበትን ክፍል፣ ቅርጽ ደግሞ ሴሮሴፍ በሚባለው፣ ውሃ ከሚፈላበት በታች በሆነ ሙቀት በሚቀልጠው ብረት ቀርጸው ያውጡ። በአፈሙዙ ላይ 32-40 የሚል ካሊበር ተጽፎ ጎሬው ግን ሌላ የሆነ ጠመንጃ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ ተኳሾች ጎሬያቸውን እያስቀየሩ ነበር። ይህን ሥራ ለጠመንጃ ሠሪ ቢሰጡ ይሻላል።

6. ጓዙን ይጠይቁ

የሹትዘን ተኳሽ የሚተኩሰው እንደ አዳኝ አልነበረም። ብዙዎቹ ቀኑን ሙሉ በአንድ ቀለህ ብቻ ይተኩሱ ነበር፤ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ መለኮሻውን ቀይረው፣ ባሩዱን ለክተው፣ ያንኑ ቀለህ መልሰው ያጎርሳሉ። እርሳሱ ከቀለሁ ጋር አይያያዝም፤ ለብቻው በልዩ መሣሪያ ከማጉረሻው በኩል ወደ ቦዮቹ ይገፋል። ወይም ከአፈሙዙ ጫፍ በኩል ይገባል፣ ባሩድ የሞላው ቀለህ ደግሞ ከኋላ ይከተላል።

በሁለተኛው ስልት ስሙ የገነነው ሃሪ ሜልቪል ፖፕ (1861–1950) ነው። በሃርትፎርድ ኮነቲከት ጀመረ፤ በ1901 ለስቲቨንስ መሥራት ጀመረ፤ በ1906 ሳን ፍራንሲስኮ ሱቅ ሲከፍት የመሬት መንቀጥቀጡና እሳቱ አጠፉበት፤ በመጨረሻ ጀርሲ ሲቲ ረጅም ዘመን ሠራ። አፈሙዞቹ ስምንት ቦይ አላቸው፤ ጥምዝምዛቸው ወደ ግራ ሆኖ ወደ ጫፉ እየፈጠነ ይሄዳል። ቻርልስ ሮላንድ የሚባል ተኳሽ በ1901 በፖፕ አፈሙዝ በ200 ያርድ አሥር ጥይት አውርዶ ማዕከሎቻቸው በ0.725 ኢንች (18 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ) ውስጥ አረፉ። ያ ቁጥር ለአሥርተ ዓመታት የሚያስደንቅ ሆኖ ቆይቷል።

ፖፕ ከአፈሙዙ ጫፍ የሚገጠም ተነቃይ አፍ ይሠራ ነበር። የሚቆረጠው ከራሱ ከአፈሙዙ ብረት ነው፣ ቦዮቹ ሳይቀረጹ በፊት፤ ስለዚህ ቦዮቹ ከአፈሙዙ ቦዮች ጋር ፀጉር ሳያልፍ ይገጥማሉ። እርሳሱ በእሱ በኩል ሳይበላሽ ይገባል፤ ከዚያ ይነቀላል። ተኳሹ ሳይነቅለው እንዳይተኩስ ከላዩ ዓይን የሚጋርድ እንቡጥ አለው። እንዲያም ሆኖ ረስተው የተኮሱና አፉን የሰደዱ ነበሩ። ሌላ ሰው በሌላ ብረት ደግሞ ሊሠራው ቢሞክር እንደ መጀመሪያው አይሆንም። የፖፕ ጠመንጃ ያለ ተነቃይ አፉ መሰንቆ ያለ ደጋኑ ነው።

ስለዚህ ሻጩን እነዚህን ይጠይቁት፦ ተነቃይ አፉ አለ ወይ? ቁጥሩ ከአፈሙዙ ቁጥር ጋር አንድ ነው? የእርሳስ ማፍሰሻው የመጀመሪያው ነው ወይስ ሌላ? እርሳሱን የሚገፋው ዘንግ፣ የቀለሁ መለኮሻ ማውጫና መክተቻ፣ ያቺ አንዲት ቀለህ፣ የመዳፍ ድጋፉ፣ ተቀያያሪ የፊት ማነጣጠሪያ ቀለበቶቹ፣ ሳጥኑስ? «ጠፍቷል» ካለ ዋጋው በዚያ መጠን ይውረድ። «ለብቻው ልሸጠው ነው» ካለ ግን ሁለቱንም እንዲያመጣ ይለምኑት፣ ዋጋም ይጨምሩለት። በእኔ ፍርድ በዚህ መስክ ከሚፈጸሙት ጥፋቶች ትልቁ አንዱን ጓዝ ለብዙ ገዢ በታትኖ መሸጥ ነው። ሃምሳ ዓመት በአንድ ሳጥን የኖረ ነገር በአንድ ጨረታ ይበተናል፣ ከዚያ በኋላ የሚሰበስበው የለም።

የዴንቨሩ ጆርጅ ሾየንና አክሰል ፒተርሰን፣ የሲራኩሱ ዚሻንግም እንዲሁ በሙሉ ጓዛቸው ይፈለጋሉ። ከፖፕ ዋጋ ዝቅ ይላሉ፤ ሥራቸው ግን ዝቅ ያለ አይደለም። የሾየን አፈሙዝ ካገኙ በዝምታ አይለፉት።

7. ስምና ወረቀት

ስም ዋጋ በሚጨምርበት ቦታ ሁሉ ሐሰተኛ ስም አለ። «ፖፕ» የሚል ማህተም መምታት ቀላል ነው፤ ስምንት ቦይ በግራ ጥምዝምዛ ወደ ጫፉ እየፈጠነ መቅረጽ ግን ቀላል አይደለም። ስለዚህ ማህተሙን ሳይሆን ቦዩን ይዩ። በእርጥብ ጨርቅ የታሰረ ዘንግ አሳልፈው ጥምዝምዛው እኩል መሆኑን ወይም እየፈጠነ መሄዱን በእጅዎ ሊያውቁት ይችላሉ። ስቲቨንስ-ፖፕ የተባለውም ስሙ በአፈሙዙ ላይ ብቻ ስለሚሆን አፈሙዙና አካሉ አብረው ያረጁ መሆናቸውን ያስተያዩ።

ለዊንቸስተር 1885 ትልቅ ረዳት አለ። በኮዲ፣ ዋዮሚንግ ያለው የኮዲ የጦር መሣሪያ ሙዚየም የፋብሪካውን መዝገብ ይዟል፤ እስከ መለያ ቁጥር 109,999 ያሉትን በክፍያ በደብዳቤ ያረጋግጣል። ደብዳቤው ካሊበሩን፣ የምላጩን ዓይነት፣ የአፈሙዙን ቅርጽና ከመጋዘን የወጣበትን ቀን ይነግርዎታል። ጠመንጃው ሹትዘን ነው ተብሎ ደብዳቤው ተራ የአደን ጠመንጃ ነው ካለ ደብዳቤውን ይመኑ። ለባላርድና ለስቲቨንስ እንዲህ ያለ ደብዳቤ አይጠብቁ፤ ማስረጃው ብረቱና ጓዙ ነው።

የቤተሰብ ወሬን በአክብሮት ይስሙ፤ ዋጋ ግን አይክፈሉበት። የማኅበር ሜዳሊያ፣ ስም ያለበት የዒላማ ወረቀት፣ የቆየ ፎቶግራፍ ካለ ግን ሌላ ነው፤ እነዚያን ከጠመንጃው ጋር አብረው ይግዙ።

8. ግዢ

ከጨረታ ሲገዙ ከመዶሻው ዋጋ በላይ የገዢ ኮሚሽን አለ፤ ብዙ ጊዜ ከ15 በመቶ ይበልጣል። ግብር፣ ማጓጓዣና ኢንሹራንስ ጨምረው ጣሪያዎን ከጨረታው በፊት በወረቀት ይጻፉ። በአካል ሳያዩ የሚገዙ ከሆነ የብሎኖቹን፣ የአንገቱን፣ የጫፉንና የውስጡን ቅርብ ፎቶ ይጠይቁ፤ ከአጠቃላይ ውበቱ ፎቶ ይልቅ የሚጠቅሙዎት እነዚህ ናቸው። የመመለሻ ጊዜ ውሉ ላይ ይጻፍ።

የመጀመሪያ ግዢዎ ውዱ አይሁን። ያልተነካ፣ ተራ፣ ዝቅተኛ ግድግዳ ዊንቸስተር በ22 ካሊበር፣ ወይም ሐቀኛ ስቲቨንስ 44 ይግዙ። «ሐቀኛ» ስል ያረጀ ቢሆንም ያልተለወጠ ማለቴ ነው። እሱን እየነካኩ ፋብሪካ ብረትን እንዴት እንደሚጨርስ ዓይንዎ ይለምዳል፤ ያ ዓይን ነው በኋላ ውዱን ጠመንጃ የሚገዛልዎት።

9. መጠበቅና መተኮስ

አያድሱ። አያስጠቁሩ። እንጨቱን አያፍቁ። ዋጋ ስለሚጠፋ ብቻ አይደለም፤ የሠሪው የእጅ ምልክት አንዴ ከተላጠ የሚመልሰው ስለሌለ ነው። ንቁ ዝገት ካለ በዘይትና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ያቁሙት። ብረቱን በእንግሊዝ ሙዚየም ውስጥ በተቀመመው ሬኔሳንስ በሚባለው ሰም በስሱ ይሸፍኑ። የክፍሉን እርጥበት በ45 እና በ55 በመቶ መካከል ያቆዩ። በቆዳ ከረጢት ውስጥ ከቶ አያስቀምጡ፤ ቆዳ እርጥበትና አሲድ ይዞ ብረቱን ይበላዋል። ብሎን መፍታት ካለብዎ ካቻቪቴው ከቦዩ ጋር ልክ የገጠመ ይሁን። የባላርድ መዝጊያ ከሁለት ግማሽ የተሠራና በውስጡ መቺና ምላጭ ያለው ነው፤ ያለ ልምድ አይክፈቱት።

መተኮስ ከፈለጉ መጀመሪያ አንድ ጎራሾችን የሚያውቅ ጠመንጃ ሠሪ ይመርምረው። የዚያ ዘመን ብረት ለጥቁር ባሩድና ለለስላሳ እርሳስ የተሠራ ነው፤ በመዳብ የተለበጠ ዘመናዊ ጥይት ቦዮቹን ይበላል፣ ጭስ የሌለው ባሩድ በተለይ ስቲቨንስ 44ን ሊሰብር ይችላል። ያልተነካውንና ጓዙ የተሟላውን ግን እኔ አልተኩስበትም። ለመተኮስ የተጠገነውን ይጠቀሙ፤ በአንድ ጎራሽ ጠመንጃ ማኅበሩ ሜዳ ላይ ቆመው በ200 ያርድ ሲያነጣጥሩ የሹትዘን ሰደፍ ለምን እንዲያ ቀንድ እንዳወጣ ሰውነትዎ ይረዳዋል።

10. መዝገብ

ለእያንዳንዱ ጠመንጃ መዝገብ ይክፈቱ፦ መለያ ቁጥር፣ የአፈሙዝ ቁጥር፣ ካሊበር፣ የተለካው የቦይ ስፋት፣ ከማን በስንት እንደተገዛ፣ ምን ጓዝ አብሮ እንደመጣ፣ የትኛው ጓዝ የሱ እንደሆነ የተረጋገጠ፣ የትኛው የተጠረጠረ። ፎቶ ያክሉበት፤ ቅጂውን ከቤት ውጭ ያስቀምጡ። ለኢንሹራንስ ኩባንያው ዋጋውን በየጥቂት ዓመቱ ያድሱ፤ ተራ የቤት ኢንሹራንስ ለእንዲህ ያለ ስብስብ ብዙ ጊዜ አይበቃም።

ልጆችዎ ይህን ዓለም ላይወዱት ይችላሉ። ስለዚህ በመዝገቡ መጀመሪያ ላይ፣ ለእነሱ በሚገባቸው ቋንቋ፣ የትኛው ሳጥን ከየትኛው ጠመንጃ ጋር እንደሚሄድና ሲሸጥ ለየብቻው እንዳይሸጥ ይጻፉ። በተነቃይ አፉ ላይ፣ በእርሳስ ማፍሰሻውና በዘንጉ ላይ የጠመንጃውን መለያ ቁጥር የያዘ የካርቶን ምልክት በጥጥ ክር ያንጠልጥሉ፤ በብረቱ ላይ ምንም አይቅረጹ። የሚታመን ማኅበርተኛ ወይም ነጋዴ ስምም ከመዝገቡ ጋር ይተዉላቸው፤ ዋጋውን የማያውቅ የመጀመሪያ ገዢ በር ሲያንኳኳ የሚጠይቁት ሰው እንዲኖራቸው።